እጃቸውን ያሠለጠኑ አብራሪ፤ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሕይወት

የደብረ ብርሃን ከተማ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ በሰማይ ላይ የታየ ብርሃን ንጉሡን አስደንቋቸው በዚያው ሥፍራ ቤተ ክርስቲያን እንዳሳነጹና ከተማ እንደ ቈረቈሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ስለዚህ የሰሜን ሸዋ ሰው ወደ ሰማይ አንጋጦ መመልከት የጀመረው ዛሬ አይደለም። አሁንም ቢሆን በአንኮበር ተራራ ላይ ቆሞ ምድሩ ከእግሩ ሥር ተቈርጦ ወደ ቆላው ሲወርድ የሚመለከት መንገደኛ፣ ቀና ሲል አይሮፕላን ነጭ መስመር እያሰመረ ሲያልፍ ያይ ይሆናል። በዚያች ደቂቃ የአይሮፕላኑን መሪ የጨበጠው ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ ግን መልሱ ሳያስገርመው አይቀርም፤ ብዙውን ጊዜ መሪውን የጨበጠ ሰው የለምና።

አይሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ የሚመራው አውቶፓይለት የተባለው መሣሪያ ነው። አብራሪዎቹ በመነሣትና በማረፍ ጊዜ ካልሆነ በቀር አብዛኛውን መንገድ መሣሪያውን እየጠበቁ ይቀመጣሉ እንጂ በእጃቸው አይነዱም። ይህ ነገር ለተሳፋሪው ደኅንነት ትልቅ ጥቅም እንዳመጣ የሚክድ የለም። ነገር ግን የበረራ ባለሙያዎች ባለፉት ዓመታት አንድ ጥያቄ ሲያነሡ ቆይተዋል። መሣሪያው በድንገት ሥራውን ቢያቆም፣ ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ የቆየው እጅ ሙያውን ያስታውሳልን? እኛም ይህን ጥያቄ በልባችን ይዘን፣ ከ90 ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ በሰሜን ሸዋ ሰማይ ላይ በገዛ እጃቸው ይበሩ የነበሩትን የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

አውቶፓይለት ብዙ ሰው እንደሚመስለው የትናንት ፍሬ አይደለም። ላውረንስ ስፔሪ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ በ1906 ዓ.ም. በፓሪስ አጠገብ በተደረገ ትርኢት ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ አይሮፕላኑ በራሱ ቀጥ ብሎ ሲበር አሳይቷል። የመሣሪያው ልብ በታላቅ ፍጥነት የሚሽከረከር መንኰራኵር ነው። ልጆች የሚጫወቱበት እሽክርክሪት በሚዞርበት ጊዜ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ሁሉ፣ ይህም መንኰራኵር አቅጣጫውን አጥብቆ ስለሚይዝ አይሮፕላኑ ወደ ጎን ያዘነበለ እንደ ሆነ ልዩነቱ ይታወቃል፤ መሪውም ወደ ቦታው ይመለሳል። በ1925 ዓ.ም. ዊሊ ፖስት የተባለው አብራሪ በዚህ ዓይነት መሣሪያ እየታገዘ ዓለምን ብቻውን ከስምንት ቀን ባነሰ ጊዜ ዞረ። እንግዲህ ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ሮቢንሰን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ መሣሪያው በዓለም ላይ ነበረ ማለት ነው። በእኛ አይሮፕላኖች ላይ ግን አልነበረም።

ጆን ሮቢንሰን በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር በካራቤል ከተማ ተወለዱ። ያደጉት ግን በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር በጋልፍፖርት ወደብ ነው። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸውና የእንጀራ አባታቸው ናቸው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ለተወለደ ጥቁር ልጅ አይሮፕላን አበራለሁ ብሎ ማሰብ ጨረቃ ላይ እወጣለሁ እንደ ማለት ይቈጠር ነበር። ልጁ ግን በጋልፍፖርት አይሮፕላን ሲበር ካዩ በኋላ ሐሳባቸው ከዚያ አልተነቀለም። የሆነ ሆኖ መጀመሪያ የተማሩት በረራን አይደለም። ቡከር ዋሽንግተን በመሠረቱት በዝነኛው በተስኪጊ ትምህርት ቤት ገብተው የአውቶሞቢል ሜካኒክነት ሙያ ተምረው በ1916 ዓ.ም. ተመረቁ። ሞተር መፍታት፣ ማጽዳት፣ መግጠምና ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን ማወቅ የመጀመሪያ ፊደላቸው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ሄደው በቺካጎ ከተማ በጋራዥ ሥራ ተቀመጡ። በከተማዋ ከርቲስ ራይት የተባለ የበረራ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ነገር ግን ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። ሮቢንሰን በፊት ለፊት በር እንዳይገቡ በተከለከሉ ጊዜ በጓሮ በር ገቡ። በትምህርት ቤቱ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው መምህሩ ሲያስተምር እየጠረጉ ያዳምጡ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የቀረውንም ጽሑፍ እየገለበጡ ያጠኑ ነበር። ኮርኔሊየስ ኮፊ ከተባሉት የሙያ ጓደኛቸው ጋርም አይሮፕላን በገዛ እጃቸው ገጣጥመው ሠርተዋል። በመጨረሻም ትጋታቸውን የተመለከተው ትምህርት ቤት በሩን ከፈተላቸው፤ ሁለቱም ተምረው ከወጡ በኋላ ለሌሎች ጥቁሮች ተማሪዎች መምህራን ሆኑ። ሮቢንስ በምትባል ትንሽ ከተማ የራሳቸውን የአይሮፕላን ማረፊያ እስከ ማቋቋምም ደረሱ። በ1926 ዓ.ም. ሮቢንሰን ከተመረቁ በ10ኛው ዓመት ወደ ተስኪጊ በአይሮፕላን ሄደው ትምህርት ቤቱ የበረራ ክፍል እንዲከፍት መከሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የተጠራው ጥቁሮች አብራሪዎች የወጡት ከዚያው ከተስኪጊ ነው።

ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር በምትዘጋጅበት ወራት በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት ዶክተር መላኩ በያን አገራቸውን የሚረዱ ባለሙያዎችን በአሜሪካ ይፈልጉ ነበር። በእሳቸው ጥሪ ሮቢንሰን በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሱ። ብዙም ሳይቆይ የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው ታዳጊውን የኢትዮጵያ አየር ኃይል እንዲመሩ ተሾሙ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ከእሳቸው በፊት ኸበርት ጁሊያን የተባለ በፓራሹት ዝላይና በትርኢት ስሙ የገነነ ሌላ ጥቁር አብራሪ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ዋዜማ ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ የሚወዷትን አዲስ አይሮፕላን ይዞ ተነሥቶ ከስክሷታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለበረራም ይሠራል ማለት ነው። ሮቢንሰን ከሜካኒክነት ጀምረው ደረጃ በደረጃ የወጡ ስለ ነበሩ፣ የሚታይ ነገር ሳይሆን የሚሠራ ነገር ይዘው መጡ።

የተረከቡት አየር ኃይል ግን ስሙ ከአካሉ የገዘፈ ነበር። የመጀመሪያው አይሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ነው። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በ1923 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቅተዋል። በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ጠላት በመቶዎች የሚቈጠሩ የጦር አይሮፕላኖች ሲያሰልፍ፣ በእኛ በኩል የነበሩት በጣም ጥቂት፣ አብዛኞቹም ያረጁና መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ፖቴዝ 25 የተባለችው ሁለት ደርብ ክንፍ ያላት ፈረንሳይ ሠራሽ አይሮፕላን ትገኝበታለች። አብራሪው የሚቀመጠው ክዳን በሌለው ጕድጓድ ውስጥ ስለ ሆነ ነፋሱና ብርዱ ፊቱን ይገርፈዋል። ሞተሩ ቢታመም የሚናገር መብራት፣ መንገዱን የሚያሳይ ሰሌዳ የለም። የሚያምነው ጆሮውን፣ ዓይኑን፣ ጥቂት ሰዓት መሳይ መለኪያዎችንና መሪውን የያዘውን እጁን ነው።

አገሩ ደግሞ ለአይሮፕላን የሚራራ አይደለም። አየር ከፍ ባለ ቦታ ይሳሳል። በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በደብረ ብርሃን ሜዳ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ጋር ሲመዛዘን ሦስት አራተኛ ያህል ክብደት ብቻ አለው። በዚህ ምክንያት ሞተሩ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ክንፉም የሚደገፍበት ነገር ይሳሳበታል፤ አይሮፕላኑም ለመነሣት ረጅም ሜዳ መሮጥ ይኖርበታል። በባሕር ጠረፍ አገር በረራ የተማረ ሰው ይህን በእጁ ካልለመደው ከሜዳው ጫፍ አያልፍም።

ከኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ስለ ሰፈሩ፣ ኮሎኔል ሮቢንሰን መልእክት፣ መኰንኖችና መድኃኒት ይዘው በዋና ከተማውና በጦር ግንባሩ መካከል ይመላለሱ ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ በሰማይ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ ያለው ደግሞ የሰሜን ሸዋ ምድር ነው። በምዕራብ የጀማ ሸለቆዎች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ፤ መካከሉን የመንዝ ብርዳም አምባ ይዞታል፤ በምሥራቅ አገሩ ከአንኮበርና ከጣርማ በር ጫፍ በአንድ ጊዜ ተቈርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። በጣርማ በር ያለፈ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ከቆላው የሚነሣው ጉም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተራራውን ይውጠዋል። ከገደሉ ጫፍ የሚወርደው ነፋስም ትንሽ አይሮፕላንን ቁልቁል ይጫናል። የጠላት አይሮፕላኖች ፈጣኖችና መትረየስ የያዙ ስለ ነበሩ፣ መሣሪያ የሌላት አይሮፕላን የነበራት ጋሻ ሁለት ብቻ ነበር፤ በሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብሎ መብረርና በደመና ውስጥ መሸሸግ። ሁለቱም በእጅ እንጂ በመኪና የሚሠሩ አይደሉም።

ኮሎኔሉ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ በቦምብ ስትደበደብ በዚያው ነበሩ። በጦርነቱ ወራትም ቈስለዋል። በማይጨው ጦርነት ከደረሰው መከራ በኋላ ደሴ በሚያዝያ ወር በጠላት እጅ ወደቀች። ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ የጭነት መኪኖችን ያሰለፈው የጠላት ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቈርጦ አገኘው፤ እስኪጠገንም ድረስ መቆም ግድ ሆነበት። ያን ሁሉ መኪና ያቆመው የጥቂት ሰዎች ክንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ለአምስት ዓመት ሙሉ የሰሜን ሸዋ ሕዝብ ስለ አይሮፕላን የሚያውቀው በራስ አበበ አረጋይ የሚመሩትን አርበኞች ለማጥፋት ቦምብ ይዞ የሚመጣውን ብቻ ሆነ። በዚያ ሰማይ ላይ አንድ ጊዜ የወዳጅ አይሮፕላን ያልፍ እንደ ነበረ ማስታወስ የሚገባን ስለዚህ ነው።

ሮቢንሰን በግንቦት ወር 1928 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ሕዝባቸው በሺሕ እየሆነ ወጥቶ ተቀበላቸው። ቡናማው ኮንዶር የሚል ስምም ወጣላቸው፤ ኮንዶር በአሜሪካ ተራሮች ላይ የሚገኝ ክንፈ ሰፊ አሞራ ነው። በዚህ ዝና ተደስተው ቢቀመጡ የሚነቅፋቸው አልነበረም። እሳቸው ግን በቺካጎ በስማቸው የተጠራ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርት ቤቱ በረራን ብቻ ሳይሆን የአውቶሞቢል ምሕንድስናንም አብሮ የሚያስተምር ነበር። ይህ ጥምረት የሰውየውን አስተሳሰብ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። መኪናውን የማያውቅ ሰው በመኪናው ላይ ተቀምጦ መሄድ ይችል ይሆናል፤ የመኪናው ጌታ ግን ሊሆን አይችልም።

አገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1936 ዓ.ም. ጥቂት የሙያ ጓደኞቻቸውን አስከትለው እንደ ገና ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አሁን የመጡት ለጦርነት ሳይሆን ለማስተማር ነው። ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ የሚነሣው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ወጣቶቹን እንዲያሠለጥኑለት አደራ ሰጣቸው። በኋላ ግን ከስዊድናዊው አብራሪ ከካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር ባለመስማማታቸው ከአየር ኃይሉ ወጡ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲደርስበት ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ኮሎኔሉ ግን አገሬ ብለው በያዙት በአዲስ አበባ ቀሩ፤ መብረርና ማስተማራቸውንም አላቋረጡም።

በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ለሕሙም ደም ለማድረስ በተነሣ በረራ ላይ ሳሉ ትንሿ አይሮፕላናቸው አዲስ አበባ ውስጥ ወደቀች። አብሯቸው የነበረው ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ሞተ፤ እሳቸውም በሆስፒታል ጥቂት ቀናት ከቆዩ በኋላ መጋቢት 18 ቀን ዐረፉና በዚያው በአዲስ አበባ ተቀበሩ። አንድ ጊዜ ኢጣሊያ ያሰማራቻቸውን አይሮፕላኖች በደመና እየሸሹ ያመለጡ ሰው፣ በመጨረሻው በረራቸው ከአንድ ኢጣሊያዊ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው የሰው ሕይወት ለማዳን ተነሥተው ሕይወታቸውን ሰጡ።

አንባቢ በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ቢያነሣ እውነት አለው። እነሆ የእጅ ጥበብ ያላቸው ታላቅ አብራሪ እንኳ በአደጋ ሞቱ፤ እንግዲያስ እጅን ማመስገን ምን ይጠቅማል ሊል ይችላል። እኛም የሰው እጅ አይሳሳትም አንልም። እጅ ይደክማል፤ ዓይን ይታለላል፤ በደመና ውስጥ የገባ ሰው ስሜቱ ቀጥ ብያለሁ እያለው ወደ ጎን ሊያዘነብል ይችላል። አውቶፓይለት አይደክምም። በአሁኑ ዘመን የአይሮፕላን ጕዞ ከሮቢንሰን ዘመን ይልቅ እጅግ የተጠበቀ የሆነው እነዚህ መሣሪያዎች በመኖራቸው ጭምር ነው። ጥያቄው ግን መሣሪያ ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም፤ መሣሪያው በሚተወን ሰዓት ማን አለን የሚል ነው።

ግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ከብራዚል ወደ ፓሪስ ይበር የነበረ የኤር ፍራንስ አይሮፕላን በውቅያኖስ ላይ ሳለ የፍጥነት መለኪያ ቧንቧዎቹ በበረዶ ተደፈኑ። አውቶፓይለቱም ፍጥነቱን ማወቅ ስለ ተሳነው ሥራውን ለአብራሪዎቹ ለቀቀ። ሞተሮቹ ደኅና ነበሩ፤ ክንፎቹም ደኅና ነበሩ። በድንጋጤ ግን የአይሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ወደ ላይ ስለ ተሳበ ክንፎቹ አየሩን መያዝ አቃታቸው። ከአራት ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ 228 ሰዎች ከነአይሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ገቡ። የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን በ2005 ዓ.ም. አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸው በእጃቸው የሚነዱበትን ጊዜ እንዲያበዙ ያሳሰበው እንዲህ ያለው ነገር ስላሰጋው ነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ለሁለት ተቃራኒ ትምህርቶች የሚሆኑ ሁለት ቀኖች አሉ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠላፊዎች ያስገደዱት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ከጠላፊዎቹ ጋር እየታገሉ አይሮፕላኑን በኮሞሮ ደሴቶች ዳርቻ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ቢሞቱም 50ዎቹ ዳኑ፤ እነዚህን ያዳነ የሰው እጅ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ግን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ ወደቀ፤ 157 ሰዎችም ዐለቁ። የአንድ መለኪያ የተሳሳተ መረጃ የተቀበለው የአይሮፕላኑ ራስ ሠር ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ይጫን ነበር፤ አብራሪዎቹም መልሰው ለማንሣት እየታገሉ ነበር። እዚህ ላይ የጎደለው የእጅ ሙያ ነው ማለት በደል ነው፤ ጥፋቱ ለእጅ ቦታ ያልተወው የመኪናው አሠራር ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁለት ወገን አለው። ሰው እጁን ማሠልጠን አለበት፤ መኪና ሠሪውም ለሠለጠነው እጅ የመጨረሻውን ቃል መተው አለበት።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ አይሮፕላን አብራሪዎች ብቻ እንዲሰሙት አይደለም። ከደብረ ሲና በላይ በጣርማ በር ጭነት ይዘው የሚወጡና የሚወርዱ የቆዩ ሹፌሮች አንድ ሕግ አላቸው። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አይወርዱትም፤ ገና ከላይ ሳሉ ከባድ ማርሽ አስገብተው መኪናውን በሞተሩ ያስይዙታል። ፍሬን ሲግል እንደሚከዳ ያውቃሉና። እኛ ትምህርታችንን ከዩኒቨርሲቲ በቅርብ የጨረስን ወጣቶች ግን በስልካችን እየደመርን፣ በስልካችን መንገድ እየጠየቅን፣ ጽሑፋችንንም መሣሪያ እያረመልን ስለ ኖርን፣ ስልኩ በጠፋበት ቀን የገዛ ጎረቤታችንን ቤት ስንፈልግ የምንውል ሆነናል። መሣሪያው ጉልበት ጨምሮልናል፤ ዳሩ ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው፣ በራሳችን እጅ የሌለ ዕውቀት በችግር ቀን አያደምቀንም።

ኮሎኔል ሮቢንሰን በጓሮ በር ገብተው ወለል እየጠረጉ የተማሩትን ዕውቀት ማንም ሊወስድባቸው አልቻለም። ጋራዥ ውስጥም ሆነ በጦር ግንባር፣ በአሜሪካም ሆነ በኢትዮጵያ አብሯቸው ነበረ፤ ለወጣቶቻችንም ያወረሱት ይህንኑ ነው። እንግዲህ አንባቢያችን አንድ ቀን በአይሮፕላን ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ሲጓዝ፣ የደብረ ብርሃን ሜዳና የጣርማ በር ጉም በመስኮቱ በኩል ቢታዩት፣ ከፊት የተቀመጡት አብራሪዎች እጃቸውን ሥራ እንዳያስፈቱ በልቡ ይመኝ። ከዚያም ዞር ብሎ የራሱን እጅ ይመልከትና፣ ይህ እጅ ያለ መሣሪያ ምን ይችላል ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ለጥያቄው መልስ ካጣ ለመማር ጊዜው አላለፈም።